ውሃ የምታስገባ ጀልባ፦ መጀመሪያ ቀዳዳውን ማግኘት፣ ከዚያ መድፈን

ሐይቅ ዳር ጎህ ሲቀድ የሚሰማ አንድ ድምፅ አለ፤ የተቆረጠ ጀሪካን የጀልባ ወለል ሲፍቅ። ሐዋሳ አሞራ ገደልም ይሁን ባቱ ዳርቻ፣ መረብ ሊያነሣ የሚወጣ ሰው መቅዘፊያውን ከመያዙ በፊት ሌሊቱን የገባውን ውሃ ይቀዳል። ብዙዎቻችን ይህን የሥራው አካል አድርገን ቆጥረነዋል። «የጣውላ ጀልባ ናት፣ ታስገባለች» እንላለን። ሲብስብን ደግሞ ሬንጅ እናቀልጥና ውሃው ከታየበት ቦታ ላይ እንለቀልቃለን።

እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ክረምት ሙሉ ከፊት በኩል ሦስት ጊዜ ሬንጅ ብለቀልቅ ውሃው አልቆመም። መጨረሻ ላይ ጀልባዋን ገልብጬ ስፈትሽ የሚያስገባው ከኋላ ነው፤ ሞተሩ ከሚታሰርበት ሳንቃ ሥር አንድ ምስማር ዝጎ ዙሪያውን አበስብሶታል። ሌሊት ሞተሩን አውርጄ መረቡን ከፊት ስለማከማች ጀልባዋ ወደ ፊት ታዘነብላለች፤ ውሃው ከኋላ ይገባና በወለሉ ሥር ተንሸራቶ ፊት ላይ ይጠራቀማል። እኔ የማየው የተጠራቀመበትን ነው፣ የገባበትን አይደለም።

ስለዚህ ከዚህ በታች ካለው ብዙው ስለ መፈለግ ነው። ቀዳዳው በትክክል ከተገኘ መድፈኑ የአንድ ሁለት ቀን ሥራ ነው። ካልተገኘ ግን ሬንጁንም ገንዘቡንም ውሃ በላው።

የምናገረው ከአራት እስከ ሰባት ሜትር ስለሚረዝሙ፣ በመቅዘፊያ ወይም በትንሽ ሞተር ስለሚሄዱ ጀልባዎች ነው። የጣውላዋን በሰፊው እሄድባታለሁ፤ ፋይበር ግላስና ብረት ከዚያ ይከተላሉ። የጣና የደንገል ታንኳ እዚህ ውስጥ የለችም። ታንኳ አታስገባም፤ ትጠጣለች። ውሃ ጠጥታ ስትከብድ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማቆም ነው መድኃኒቷ፤ ደንገሉ ሲበሰብስ ደግሞ አዲስ ማሰር እንጂ መጠገን የለም።

መጠኑን ለኩ

ማታ ጀልባዋን እስከ መጨረሻው ቀድታችሁ በስፖንጅ ወይም በጨርቅ አድርቁ። ሰዓቱን ያዙ። ጠዋት ውሃውን በጆግ እየቆጠራችሁ አውጡና ስንት ሊትር እንደሆነ ጻፉ። ዝናብ የዘነበበት ሌሊት አይቆጠርም፤ አምስት ካሬ ሜትር ስፋት ባላት ክፍት ጀልባ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ብቻውን 50 ሊትር ነው። የሰማይን ውሃ በሐይቁ ላይ አሳብቦ ጀልባውን የፈታታ ሰው አውቃለሁ።

ይህ ቁጥር ሁለት ጥቅም አለው። ከጥገና በኋላ መሻሉን የምታውቁት በእሱ ነው። ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ መሄዱን የሚነግራችሁም እሱ ነው፤ ቀዳዳ ደግሞ ሲሰፋ የዋዛ አይደለም። ከውሃው ወለል 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ያለ፣ ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቀዳዳ በደቂቃ ወደ 7 ሊትር ያስገባል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በሦስት ደቂቃ ሞላ ማለት ነው፤ በሰዓት ደግሞ ወደ 400 ሊትር፣ ማለትም 400 ኪሎ ጭነት። ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የሚገባው ውሃ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ትናንት በጆግ የሚቀዳ የነበረው ነገ በባልዲ የማይቻል የሚሆነው ለዚህ ነው።

ውሃ ላይ እያለች ጠይቋት

ከማውጣታችሁ በፊት ውሃው መቼ እንደሚገባ አስተውሉ። ግማሹ መልስ እዚህ አለ።

ባዶዋን ዳር ታስራ ቆማ የምታስገባ ከሆነ ቀዳዳው ታች ነው፤ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ከሚሆነው ከወለሉ ወይም ከመሃል አከርካሪዋ አካባቢ። ባዶዋን ደረቅ ሆና ዓሣና ሰው ሲጫን ብቻ የምታስገባ ከሆነ ጎኗ ላይ ነው፤ ጭነት ሲጨመር ውሃ ውስጥ የሚጠልቀው መጋጠሚያ ክፍተት አለው። ቆማ ደህና ሆና ሞተር ሲነሣ የምትጀምር ከሆነ የኋላ ሳንቃውን፣ የሞተሩን ብሎኖችና የማፍሰሻ ቀዳዳውን ቡሽ ጠርጥሩ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ሲመታት ብቻ ከሆነ ደግሞ አጥንቶቿ፣ ማለትም ጣውላዎቹ ከውስጥ የተመቱባቸው እንጨቶች፣ ላልተዋል፤ ጣውላዎቹ በእያንዳንዱ ምት ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ይህ ዓይነቱ ዳር ወጥታ ስትፈተሽ አይታይም፤ ስለዚህ ቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል።

ባዶ ሳለች ውሃው ጎኗ ላይ የሚደርስበትን በከሰል አስምሩ፤ ሙሉ ጭነት ስትይዝ ደግሞ ሌላ መስመር። ስትወጣ ፍለጋችሁ ከየትኛው መስመር በታች እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የወለል ርብራቡን ሳታነሡ ምንም አትፈልጉ። ከሥሩ የሚገኘው የዓሣ ቅርፊት፣ ጭቃና የክር ቁርጥራጭ ውሃውን እየያዘ ወደ ሌላ ቦታ ይመራዋል። አንሱት፣ ጥረጉት፣ አድርቁት፤ ከዚያ በባትሪ መብራት እያያችሁ ተቀመጡ። ውሃ ውስጥ ያለች ጀልባ ወለል ላይ ደረቅ ጋዜጣ አንጥፎ መጀመሪያ የሚረጥበውን ቦታ ማየት ከሁሉ የቀለለው ዘዴ ነው።

ወደ ደረቅ ማውጣት

ሞተሩን፣ የነዳጅ ጋኑን፣ መረቡንና መልሕቁን አውርዱ። ጀልባዋን በድንጋይ ላይ አትጎትቱ፤ አዲስ ቀዳዳ የሚፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። አራት አምስት ድቡልቡል የባሕር ዛፍ አጣና ከሥሯ እያስገባችሁ አንከባሏት። ከኋላ የሚለቀቀውን አጣና ወደ ፊት የሚያመጣ አንድ ሰው ይመደብ።

ቦታው ከሸምበቆውና ጉማሬ ከሚወጣበት መንገድ የራቀ ይሁን። ጉማሬ ሊግጥ የሚወጣው ማታ ነው፤ በእሱና በውሃው መካከል መገኘት ደግሞ አያዋጣም። ጫሞና አባያ ላይ አዞም አለ፤ እዚያ ጥልቀት በሌለው ውሃ ቆሞ የጀልባ ሆድ መዳሰስ አይታሰብም።

ከወጣች በኋላ ውጭዋን በደንብ እጠቡ። የሽቦ ብሩሽ አረንጓዴውን ዝቃጭና የላላውን አሮጌ ሬንጅ ያነሣል። በዚህ ጊዜ የሚታየውን ሁሉ በጠመኔ አክብቡ፤ የተሰነጠቀ፣ የጠቆረ፣ የዝገት እንባ የወረደበት፣ ሬንጁ የተላጠበት።

ከውስጥ ሞልታችሁ ከውጭ እዩ

ከማውቃቸው ዘዴዎች እምነት የምጥልበት ይህ ነው። ውሃ ከውጭ ወደ ውስጥ ከገባ ከውስጥ ወደ ውጭም ይወጣል፤ ከውጭ ሆኖ ማየት ደግሞ ይቀላል።

ጀልባዋን በቀጥታ አቁሟትና ሆዷን ደግፉ። አሮጌ ጎማ ወይም አሸዋ የተሞላ ጆንያ ከአከርካሪዋና ከሁለቱ ጎኖቿ ሥር አስገቡ፤ ነገር ግን ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ክፍተት እየተዋችሁ፣ አለበለዚያ ቀዳዳውን ይሸፍኑታል። ድጋፉን የምለው በምክንያት ነው። ወለሏ አራት በአንድ ሜትር ቢሆንና 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ብትሞሉባት 400 ኪሎ ነው። ሐይቅ ላይ ሳለች ይህን ክብደት ከሥር ውሃው ይገፋላታል፤ መሬት ላይ ግን ማንም የለም። እስከ አፏ ሞልተው አጥንቷን የሰበሩ አሉ።

የውጭው ገጽ ፍጹም ደረቅ ይሁን። በየመጋጠሚያው ላይ ደረቅ ጀሶ ወይም የተፈጨ ጠመኔ በትኑ፤ ወደ ታች በሚመለከተው ገጽ ላይ በብሩሽ እሹት። ከዚያ ውሃውን ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፤ መጀመሪያ 5 ሴንቲ ሜትር፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ እስከ 10። ጀሶው ሲጠቁር ቦታውን ወዲያው በጠመኔ አክብቡና ቁጥር ስጡት። ወዲያው የምለው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ስለሚያረጥበው ነው። ከላይ ጀምሮ የረጠበ መስመር ካያችሁ ምንጩ የመስመሩ የላይኛው ጫፍ ነው፣ ጠብታው የሚንጠለጠልበት አይደለም።

ጎኖቿን ለመፈተሽ እስከዚያ ድረስ መሙላት አያስፈልግም። ጀልባዋን ወደ አንድ ጎን አጋድሙና ደግፋችሁ ያንኑ ትንሽ ውሃ ወደዚያ አዙሩት።

ውሃ ለማመላለስ ለማይመች ሰው የሌሊት ዘዴ አለ፦ ጀልባዋን ገልብጡ፣ አንድ ሰው ኃይለኛ ባትሪ ይዞ ከሥር ይግባ፣ ሌላው ከላይ በጨለማ ይይ። ብርሃን ያለፈበት ሁሉ ውሃ ያሳልፋል። በተቃራኒው ግን አይሠራም፤ ጠማማ ቀዳዳ ብርሃን ከልክሎ ውሃ ያስገባል። ስለዚህ ይህ የመጀመሪያ ዙር እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

በመጨረሻ ስለት ያለው ካራ ወይም ቀጭን ካቻቢቴ ያዙና በእያንዳንዱ ምስማር ዙሪያና በየጣውላው ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉ። ጤነኛ እንጨት ይመልሳችኋል። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ያለ ድካም ከገባ ግን በስብሷል፤ ምንም ዓይነት ሬንጅ አይይዘውም።

የጣውላ ጀልባ

የጣውላ ጀልባ ስትደርቅ ትኮማተራለች፣ ውሃ ስትጠጣ ታብጣለች። ጥገናው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ሁለት ወር ዳር ላይ ፀሐይ የመታት ጀልባ ስትገባ በየመጋጠሚያው ብታስገባ አትደንግጡ። ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ድንጋይ ጭናችሁ ሁለት ሦስት ቀን አጥልቋት፤ ወይም ውስጧን በረጠበ ጆንያ ሸፍናችሁ ደጋግማችሁ አጠጧት። አብዛኛው ክፍተት በራሱ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የቀረው ነው የእናንተ ሥራ። በደረቅነቷ ያያችሁትን ክፍተት ሁሉ ጠቅጥቃችሁ ብትደፍኑት፣ ጣውላው ሲያብጥ የሚሄድበት አጥቶ ምስማሩን ይነቅላል።

መጋጠሚያ ለመድፈን እንዲህ አድርጉ። አሮጌውን ሬንጅና ጥጥ በጠባብ መሮ ወይም በተቆለመመ ፌሮ ጫፍ አውጡ፤ ከተከበበው ቦታ በሁለቱም በኩል አንድ ስንዝር አልፋችሁ ሂዱ፤ ምክንያቱም አዲሱ ጤነኛ ከሆነው አሮጌ ጋር መገናኘት አለበት። ክፍተቱን ከውጭ በኩል ሰፋ፣ ወደ ውስጥ ጠበብ ያለ አድርጉት። አቧራውን ጥረጉ። እንጨቱ ላይ ላዩን እስኪደርቅ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ይቆይ፤ ፀሐይ ላይ አይሁን፣ እንደገና ይኮማተራል።

ከዚያ ጥጥ። ሰው ቃጫም ይጠቀማል፤ ሁለቱም ይሠራሉ፤ ጥጥ ግን ጠባብ ክፍተት ውስጥ ይሻላል። ላላ አድርጋችሁ እንደ ወፍራም ፈትል ግመዱት፤ ውፍረቱ ከክፍተቱ ትንሽ የሚበልጥ ይሁን። ጫፉ ባልሰላ ጠፍጣፋ ብረትና በቀላል መዶሻ እያጠፋችሁ አስገቡ። ስለታም መሮ ጥጡን ይቆርጠዋል። ጣውላው 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ጥጡ ከውጭው ገጽ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ይቁም፤ ወደ ውስጥ ደግሞ አልፎ እንዳይታይ። መዶሻው ድምፁን ሲቀይርና ጥጡ ወደ ኋላ መመለስ ሲጀምር በቃው። እዚህ ላይ ጉልበት ማሳየት ጀልባ ማፍረስ ነው።

በላዩ ላይ ሬንጅ። ሬንጁን ክዳን ባለው ብረት ዕቃ፣ ከግማሽ በላይ ሳትሞሉ፣ ከጀልባዋና ከነዳጁ ርቃችሁ በዝግታ አቅልጡ። ውሃ ጠብ እንዳይልበት፤ ይገነፍላል። ጭሱ ሲበዛ ከእሳት አውርዱት። ቢያያዝ በክዳኑ አፍኑት እንጂ ውሃ አታፍሱ። እጅ ላይ ቢፈናጠቅ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ሃያ ደቂቃ ያህል አቀዝቅዙት፤ የተጣበቀውን ሬንጅ ግን አትላጡት፣ ቆዳውን ይዞ ይመጣል፤ ጤና ጣቢያ ይነሣ። የቀለጠውን በጠባብ ማንኪያ ወይም በቆርቆሮ አፍንጫ ክፍተቱ ላይ አፍስሱና ከጣውላው ጋር እኩል እስኪሆን በሞቀ ስፓቱላ ዳምጡት። በጣውላው ገጽ ላይ ሰፊ ልቅለቃ አያስፈልግም። ያ ልቅለቃ ነው በሚቀጥለው ዓመት ስንጥቁን የሚደብቅባችሁ። ሬንጅ በጠዋት ብርድ ይሰነጠቃል፣ በቀትር ይለሰልሳል፤ ስለዚህ በየዓመቱ አንዴ መታየት አለበት። ገንዘብ የተረፈው ሰው በጥጡ ላይ የፖሊዩሪቴን ማሸጊያ ቢጠቀም ዕድሜው ይረዝማል፤ ከጣውላው ጋር ይለጠጣል። ሬንጅ የነካው እንጨት ላይ ግን አይዝም፤ ወይ ይሄ ወይ ያ።

የዛገ ምስማር ሌላው ምንጭ ነው። ምስማሩ ዙሪያ እንጨቱ ጠቁሮና ለስልሶ ታገኙታላችሁ። ምስማሩን ንቀሉት፤ መልሳችሁ እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ወፍራም ምስማር አትምቱ። ጤነኛ እንጨት እስኪገኝ በመሰርሰሪያ አስፉት፤ ከደረቅ እንጨት የተጠረበ ኩላብ በውሃ የማይለቅ ማጣበቂያ ነክራችሁ ምቱበት፣ የተረፈውን ቁረጡ። ደረቅ ያልኩት ኋላ ውሃ ሲጠጣ አብጦ ራሱን እንዲያጠብቅ ነው። አዲሱ ምስማር ጋልቫናይዝድ ይሁን፣ ከኩላቡ ሁለት ሦስት ጣት ራቅ ብሎ ይመታ፤ ጫፉ በውስጥ አጥንቱ ላይ ይቆልመም።

ጣውላው ራሱ ከበሰበሰ ወይም ከተሰነጠቀ ሁለት መንገድ አለ። ጊዜ ካለ የበሰበሰውን ከአጥንት እስከ አጥንት ቆርጦ በአዲስ መተካት ነው። አዲሱ ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነት እንጨት ቢሆን ይመረጣል፤ እኩል እንዲያብጡ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን አታስገቡ፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ጊዜ ከሌለ የቆርቆሮ ልጣፍ ይሠራል። የስንጥቁ ጫፍ ላይ ወደ ፊት እንዳይሄድ ትንሽ ቀዳዳ ብሱና ሙሉት፤ በሬንጅ የተነከረ አቡጀዲ ከስንጥቁ በሁሉም አቅጣጫ 5 ሴንቲ ሜትር አልፎ ይለጠፍበት፤ በላዩ ጠፍጣፋ ላሜራ፣ ዙሪያውን በየ 2 ሴንቲ ሜትሩ በትንንሽ ምስማር። ማዕዘኖቹን አክብቧቸው፣ ጠርዙን ሞርዱት። አለበለዚያ መረብ ስትጎትቱ የመጀመሪያው የሚያዘው ዓሣ ሳይሆን መረቡ ራሱ ነው።

ልጣፍ ሁልጊዜ ከውጭ ይሁን። ከውጭ ሲሆን ውሃው ወደ ጣውላው ይገፋዋል፤ ከውስጥ ሲሆን ግን ውሃው ቀንም ሌሊትም ሊነቅለው ይታገላል።

ፋይበር ግላስ

ፋይበር ግላስ አያብጥም፤ ስለዚህ «ትንሽ ታስገባለች» የሚባል ነገር የለም። አንድ ጆግም ቢሆን ቀዳዳ አለ ማለት ነው። የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ አከርካሪው ላይ፣ ከመጎተት ብዛት፣ ወይም የኋላ ሳንቃው ማዕዘን ላይ፣ ከሞተሩ ንቅናቄ ነው።

ስንጥቁን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በመፋቂያ ማሽን እስከ ጤነኛው ንብርብር ድረስ ፍቁ። ዙሪያውን እንደ ሳሕን ጠርዝ በዝግታ እያሳሳችሁ ሂዱ፤ የግድግዳው ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሚሳሳው ዳር በየአቅጣጫው ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይስፋ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው፤ በሚያብረቀርቀው ገጽ ላይ ልጣፍ ይለጥፋል፣ በወሩ እንደ ፕላስተር ይነሣል። አቧራው ሳንባ ይጎዳልና አፍንጫና አፍ ይሸፈን፣ ዓይን መነጽር ይደረግበት።

መድረቁን በዚህ ፈትኑ፦ አንድ ክንድ የሚያህል ግልጽ ፕላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋችሁ ቦታው ላይ ለጥፉና ፀሐይ ላይ ቀኑን አቆዩት። ከሥሩ ላብ ካወጣ ገና ነው። ካላወጣ በአሴቶን አጽዱት፤ አሴቶኑ እስኪተን ጠብቁ።

ልጣፉ የሚሠራው በፖሊስተር ሬዚን፣ ማጠንከሪያ ሲጨመርበት በሚደርቅ ፈሳሽ ሙጫ፣ በራሰ የመስታወት ጨርቅ ነው። ማጠንከሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ለአንድ ሊትር ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር፤ የቆርቆሮው መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ። በሞቃት ቀን ወደ ትንሹ ቁጥር ሂዱ። የቀትር ፀሐይ ላይ አትሥሩ፤ ጣሳው ውስጥ ይጠነክርባችኋል፣ ይግላልም። የሚበቃችሁን ያህል ብቻ እያላችሁ በትንሽ በትንሹ በጥብጡ። ማጠንከሪያው ዓይን ውስጥ ከገባ ዕውር ያደርጋል፤ መነጽሩ እስከ መጨረሻው አይወልቅ። የመስታወት ጨርቁን በሬዚን እያራሳችሁ ደርቡ፤ ሁለት ሦስት ንብርብር፣ እያንዳንዱ ከበፊተኛው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ። አየር የያዘ ነጭ ቦታ ካለ በብሩሽ ጫፍ ኮትኩታችሁ አስወጡት፤ ነጩ ቦታ ነገ ውሃ ነው። ኢፖክሲ የሚባለው ሌላው ሬዚን የሚገኝ ከሆነ አሮጌ ፋይበር ግላስ ላይ ከፖሊስተር ይልቅ ይይዛል። የእሱ ማጠንከሪያ ግን በልክ ነው፤ ቶሎ ይድረቅ ብሎ መጨመር ጨርሶ እንዳይደርቅ ያደርገዋል።

ብረት

የብረት ጀልባ በመዶሻ ይመረመራል። ትንሽ መዶሻ ይዛችሁ ሆዷን ከዳር እስከ ዳር ኮርኩሟት፤ ድምፁ የደነዘበት ቦታ ሳስቷል። ቦታውን እስከ ንጹሕ ብረት ፍቁና ለበያጅ ስጡ። ከብየዳው በፊት ነዳጁ ብቻ ሳይሆን ጋኑም ይውረድ፣ ከወለሉ ሥር የተጠራቀመ ቤንዚን ያለበት ውሃ ታጥቦ ይውጣ። ከብየዳ በኋላ ጸረ ዝገት ቀለም በሁለቱም በኩል፤ ውስጡ ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ የሚበላው ግን ከውስጥ ነው። የአሉሚኒየም ከሆነች ማንኛውም በያጅ አይችላትምና መጀመሪያ ጠይቁ።

የሞተር ብሎኖችና ቡሹ

የኋላ ሳንቃውን የሚበሱ ብሎኖች በየቀኑ ይነቀነቃሉ። ማጥበቅ ብቻ አይበቃም፤ አንድ በአንድ አውጡ፣ ቀዳዳውን አድርቁ፣ ውስጡ እንጨት ከሆነ መበስበሱን በካቻቢቴ እዩ። በብሎኑ አንገትና በሮንዴላው ሥር ማሸጊያ ቀቡ፤ ከካላማዳሪ የተቆረጠ ክብ ላስቲክ ብትጨምሩበትም ጥሩ ነው። በመጀመሪያ ማሸጊያው በጎን ብቅ እስኪል ብቻ አጥብቁ። በነጋታው ሲረጋ አንድ ሩብ ዙር ጨምሩ። ገና እርጥብ ሳለ እስከ መጨረሻ ካጠበቃችሁት ሁሉም ተጨምቆ ይወጣና ብረት ለብረት ይቀራል። የመስኮት ሲሊኮን ከውሃ በታች አትጠቀሙ፤ ይላጣል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በዚያ ቦታ ላይ ቀለምም ሬዚንም አይዝም።

የማፍሰሻ ቀዳዳውን ቡሽ አታቃልሉ። ላስቲኩ ደርቆ የተሰነጠቀን ቡሽ ማንም አይጠረጥርም፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ከሁሉ በፊት እሱን ተመልከቱ።

ሐይቅ መሃል ሳላችሁ ቢከፈት

መጀመሪያ ተንሳፋፊ ጃኬት፤ ከዚያ ሌላው። ሁሉም ሰው አንድ ጎን አይሂድ። ቀዳዳው ጎን ላይ ከሆነ ዓሣውንና መረቡን ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላው ጎን አዛውሩ፤ ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ከውሃው በላይ ይወጣል። ክብ ቀዳዳ ከሆነ ጫፉ የሾለ ኩላብ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጥብቁበት፤ ሁለት ሦስት ዓይነት ውፍረት ያላቸው ኩላቦች ሁልጊዜ ጀልባ ውስጥ ይኑሩ። ረጅም ስንጥቅ ከሆነ ደረቅ የልብስ ሳሙና እየፈገፈጋችሁ ሙሉት፤ ለጥቂት ሰዓት ይይዛል። ትልቅ ከሆነ ደግሞ ሸራ በሁለት ገመድ ከፊት በኩል ከሆዷ ሥር አስገብታችሁ ቀዳዳው ላይ ሳቡት፤ ውሃው ራሱ ገፍቶ ይለጥፈዋል። አንዱ ሲደፍን ሌላው ይቅዳ። አቅጣጫችሁ ወደ ቅርቡ ዳር ነው፣ ወደ ቤት አይደለም። መረቡን ማንሣት የቀረ እንደሆነ ይቅር።

የቀለጠ ጀሪካን ስንጥቅ ላይ የሚያንጠባጥቡ አይቻለሁ። ቀዝቅዞ ሲጠነክር ከጣውላው ጋር አይለጠጥም፤ በመጀመሪያው ማዕበል ተነሥቶ ይሄዳል። ጭሱም ለአፍንጫ አይሆንም።

ከጥገናው በኋላ

ቦታዎቹ ሲደርቁ እንደ በፊቱ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሙሉባት፤ በቁጥር የያዛችኋቸውን አንድ በአንድ እዩ። ደረቅ ከሆኑ ወደ ሐይቁ መልሷት፤ ሞተሩን ሳትጭኑ፣ በምትኩ በውሃ የተሞሉ ጀሪካኖች በሙሉ ጭነት መስመሯ ድረስ እስክትጠልቅ ደርድሩባት። የአንድ ጀሪካን ውሃ 20 ኪሎ ስለሆነ ሚዛኑን ማስላት ቀላል ነው። ዳር ታስራ ሌሊቱን ትደር።

ጠዋት በጆግ ቅዱና ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር አስተያዩ። ፋይበር ግላስና ብረት ከሆነች ዜሮ መሆን አለበት። የጣውላ ከሆነች በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እያነሰ ሄዶ አንድ ሁለት ጆግ ላይ ከቆመ ደህና ናት፣ መረባችሁን ጫኑ። በሦስተኛው ቀን ያው ከሆነ ወይም ከጨመረ አንድ ያላገኛችሁት አለ፤ ሬንጁን አታሙቁ፣ ጀሶውን አምጡ።